የዋይሊው ግንብና የእማማ ጥሩነሽ ነፋስ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ አበራ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ዳላስ አጠገብ ባለችው አዲሰን ውስጥ ከአንድ አፓርትመንት ጀርባ ፒክአፑን ፓርክ አድርጎ አሸዋ ያወርድ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣ «ጡብ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ተደግፌው አውቃለሁ» አልኩት።

እውነቴን ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበርኩ፤ መኪና በማይመጣበት ሰዓት ጀርባዬን ከጡብ ግድግዳ ጋር አጣብቄ ነው የምውለው። ጋሽ አበራ አካፋውን አሸዋው ላይ ተክሎ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ አካፋውን ለኔ አቀበለኝ። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ስዝቅ ዋልኩ።

ጋሽ አበራ የጡብ ጥገና ድርጅት ነበረው። ድርጅት ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፤ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ የሲሚንቶ ማደባለቂያ፣ እሱና እኔ ነን። ቢሆንም ማዕረግ አይጎድለንም። ከታች ሌበር አለ፣ አሸዋ ይሸከማል። ከሱ በላይ ሜሰን አለ፣ ካዙላ ይዞ ጡብ ይገነባል። ከሁሉም በላይ ፎርማን አለ፣ እጁን ኋላ አጣምሮ ይቆጣጠራል። ሁለት ሰዎች ሆነን ሦስት ማዕረግ ስለነበረን አንዱ ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ጋሽ አበራ በዕድሜ አባቴን ያህላል፤ አንቱ ስለው ግን «ሲሚንቶ ተሸካሚ አንቱ አይባልም» ብሎ ስለሚቆጣኝ አንተ እለዋለሁ።

ሙያውን ያስተማረኝ በስድብና በምሳ ሰዓት ነው። «የግንብ ጠላቱ ዝናብ አይደለም» ይለኛል ሳንድዊቹን እያኘከ። «ዝናብ መጥቶ ይሄዳል። ጠላቱ ገብቶ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ሰምተሃል?» ሰምቻለሁ እላለሁ። «ምን ሰማህ?» ይለኛል። እደግመዋለሁ። ከዚያ ሳንድዊቹን ይጨርሳል።

የሀበሻ ደንበኛ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ሁሉም መሐንዲስ ነው። «እኔ አገር ቤት ሁለት ቤት አሠርቻለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ማሠራትና መሥራት ለየቅል መሆናቸውን የሚነግረው የለም። ዳላስ ውስጥ አንድ የኤርፖርት ሹፌር የጓሮ ግንቡን ከዝናብ ላድን ብሎ ከእድሩ የድንኳን ሸራ ተውሶ ክረምቱን ሙሉ ሸፈነው። ሸራው የውጭውን ውሃ ከለከለ፤ የውስጡንም አላስወጣ አለ። ሲገለጥ ግንቡ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሚስቱ «ግንብ ነበረኝ፣ ጎመን አድርጎ መለሰልኝ» አለችን። እድሩም ለቀስተኛ ላይ ሻጋታ የሚያራግፍ ድንኳን አንረከብም ብሎ ቀጣው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከሌበር ወደ ሜሰን ከፍ አልኩ። ፎርማን የሆንኩት ግን በዋይሊው ግንብ ምክንያት ነው።

ግንቡ የሙሉጌታ ነበር። ሙሉጌታ ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ ነው፤ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ዋይሊ ውስጥ አዲስ ከተሠሩት ሰፈሮች በአንዱ ቤት ገዝቷል። በስልክ ያለኝ ይህን ነው፦ «ብራዘር ብርሃኑ፣ የጓሮው ግንብ፣ ማለቴ፣ ሆድ አውጥቷል። ኤችኦኤው ፊክስ አድርገው ብሎኛል። ሶ፣ ወይ ትሠሩታላችሁ፣ ወይ አፈርሰውና የእንጨት ፌንስ አደርጋለሁ።» ኤችኦኤ የሚባለው የሰፈሩ ቤቶች ማኅበር ነው፤ ሣርህ ረዘመ፣ በርህ ደበዘዘ እያለ ሰው የሚያሳድድ።

ጋሽ አበራ ያን ሰሞን ጉልበቱን አሞት ነበር። «ሂድ፣ ፎርማኑ አንተ ነህ» አለኝ። የምቆጣጠረው ሰው አልነበረኝም፤ ራሴን እየተቆጣጠርኩ ሄድኩ።

የሙሉጌታ ጓሮ ከጎረቤቱ ዝቅ ያለ ነው። ግንቡ የጎረቤቱን አፈር እስከ ወገብ ድረስ ተሸክሞ፣ ከዚያ በላይ አጥር ሆኖ ይቀጥላል። አፈሩ የዚህ አገር ጥቁር ጭቃ ነው፤ ዋልካ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያበጠ አፈር ደግሞ ግንብ ይገፋል። ለዚህ ነው ከግንቡ ግርጌ በተርታ ቀዳዳዎች የሚተዉለት፤ ከኋላ የተጠራቀመው ውሃ የሚወጣው በነሱ ነው።

ጓሮው ውስጥ ከግንቡ ሌላ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። የሙሉጌታ እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ባመጧት ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጀርባቸውን ከጡቡ ጋር አጣብቀዋል። ስልካቸው ጭናቸው ላይ በስፒከር ተከፍቷል። ጠዋት ጠዋት በዳላስና በአካባቢው ያሉ የቸርች እናቶች በስልክ መስመር ተገናኝተው ይጸልያሉ። የአንዷ ልጅ ፈተና፣ የሌላዋ ደም ግፊት፣ የሁሉም ግሪን ካርድ እዚያ ዱካ ላይ ሆኖ ይጸለይለታል።

ሥራዬን ጀመርኩ። በመሮና በመዶሻ የበሰበሰውን ሲሚንቶ ከጡቦቹ መጋጠሚያ ቆፍሬ አወጣሁ። በኖራ የለዘበ አዲስ ሞላሁበት፤ መሙያው ከጡቡ ከጠነከረ የሚሰነጠቀው ጡቡ ነውና። በአናቱ ላይ ከግንቡ ወጣ ያለ የኮንክሪት ቆብ ደረደርኩለት፣ የዝናቡ ጠብታ ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ። የግርጌውን ቀዳዳዎች በብረት ዘንግ ከፈትኩ። ጭቃ ሞልቷቸዋል፤ አንዳንዱ ውስጥ ፌስታልም አገኘሁ። ነፋስ ያመጣው መሰለኝ።

እማማ ጥሩነሽ ከሥራው ጋር አብረው ይጓዙ ነበር። እኔ አንዱን ክፍል ስጨርስ ዱካቸውን አንስተው እዚያው ይደገፋሉ። ደረቀ አልደረቀ ብሎ መጠየቅ የለም። አንድ ቀን ሲነሱ የጡቡ መስመር አንድ ሳይቀር ጋቢያቸው ላይ ታትሟል። «ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው፣ ቀጥ ብሏል» አሉኝ ጋቢውን አገላብጠው አይተው።

ሥራው አልቆ፣ ግንቡ ደርቆ፣ ውሃ የማያስገባውን ቀለም የለሽ ቅብ ቀብቼ ሄድኩ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ጥቂት እንደዘነበ ሙሉጌታ ኮል አደረገ። ግንቡ ነጭ ጨው አውጥቷል፣ ሆዱም ብሶበታል። በርሬ ሄድኩ። ቀዳዳዎቹ በሙሉ ተደፍነዋል። በጭቃ አይደለም፤ በፌስታል።

«ስኩዊረል ይሆናል» አለ ሙሉጌታ፤ እዚህ አገር በየጓሮው የሚሯሯጠውን ሽኮኮ መሰል ፍጥረት ማለቱ ነው።

አንዱን አውጥቼ አሳየሁት። የሀበሻ ሱቅ ፌስታል ነው፣ ተጠቅልሎ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። እንዲህ የሚቋጥር ስኩዊረል ካለ ሰርከስ ነው መግባት ያለበት። ሙሉጌታ ግን ለሥራ ይቸኩል ስለነበር በስኩዊረሉ ጸና። ጠራርጌ ከፍቼ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ተጠራሁ። አሁን የተደፈነው በካልሲ ነው። ሙሉጌታ አንዱን አንስቶ፣ «ይሄን እኮ ስፈልገው ነበር!» አለ ደስ ብሎት። ቀጥሎ ደስታው ጠፋና፣ «እኔ በቃኝ። ሌላ ዝናብ ካለፈ በኋላ እንደዚህ ካገኘሁት አፈርሰዋለሁ» ብሎኝ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ።

ምስጢሩን ያወጣችው ልጁ ቤቲ ናት፤ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ አማርኛዋ እዚሁ የተሠራ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እኔ አይደለሁም፣ ኦኬ? አያቴ ናት። ሁልቀን ትደፍናለች። ለዳዲ አትንገር፣ ፕሊስ» አለችኝ።

እማማ ጥሩነሽ ፊት ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ይድፈንልኝ? ዓይኔ እያየ ወገቤ ላይ መስኮት ከፍተህብኝ ሄድክ!»

«መስኮት?»

«ነፋስ ይገባላ! ወገቤን ነው የሚለኝ። ዱካዋ ዝቅ ያለች ናት፣ ቀዳዳው ልክ እዚህ ጋ ይመጣል።» ወገባቸውን አሳዩኝ።

«እማማ፣ ከኋላው እኮ አፈር ነው። ነፋሱ ከየት ይመጣል?»

«ውሃው ከየት ይመጣል?»

«ከአፈሩ።»

«ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ነፋስ ሲመጣ አላሳልፍም ይለዋል?»

እኛ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ላብ በላብ ሆኖ፣ አንድ መስኮት ስትከፈት «ዝጋው፣ ይመታኛል!» የምንል ሕዝብ ነን። በዚህ ጉዳይ ክርክር አይረታም።

«ታዲያ ሌላ ቦታ ቢቀመጡስ?» አልኳቸው።

«የት? ቤት ውስጥ?» ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቤቱን አይተኸዋል? እንደ ሥጋ ነው ያስቀመጡኝ። ሙሌ ከሥራ ሲመጣ ሞቀኝ ብሎ ያቀዘቅዘዋል፤ ቤቲ ስትመጣ ትጨምርበታለች። በሐምሌ፣ በዚህ አገር ቃጠሎ፣ ሁለት ካልሲ አድርጌ ነው የምተኛው። ይሄ ጡብ ግን የጠዋት ፀሐይ ይመታውና እስከ ቀትር ጀርባዬን ይይዝልኛል። ሙቀት የማገኘው ከዚህ ግንብ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ በሳው።»

አንጀቴን በሉት። መዋሸት አልቻልኩም።

«ቀዳዳው ከተደፈነ ግንቡ ይወድቃል፣ እማማ። ሙሉጌታ ደግሞ ሳይወድቅ ሊያፈርሰው ነው። በእንጨት አጥር ሊተካው።»

ስልኩን ዘጉት። «እንጨት ይሞቃል?»

«እንደ ጡብ አይሞቅም።»

ግንቡን በመዳፋቸው አሹት። እኔም ነገሩ ከአቅሜ በላይ መሆኑን አውቄ አለቃዬን ጠራሁ።

ጋሽ አበራ እያነከሰ መጣ። ውሃ ልኩን አስደግፎ፣ ቱምቢውን አንጠልጥሎ የግንቡን ሆድ ለካ። «ይሄ ውሃ ካላወጣ ይተኛል» አለ። አሁን ይነግራቸዋል ብዬ ተደሰትኩ። ከዚያ ጉልበቱን ስላመመው እማማ ጥሩነሽ ዱካቸውን ለቀቁለት። ተቀመጠ፣ ተደገፈ። ትንሽ ቆይቶ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበው።

«ብርሃኑ» አለኝ፣ «ነፋስ አለ።»

«ተባረክ!» አሉ እማማ ጥሩነሽ። ስልኩን መልሰው ከፍተውት ነበርና በመስመሩ ላይ ያሉት እናቶች በአንድ ድምፅ አሜን አሉ።

«ጋሼ፣ ከኋላው ዋልካ ነው!» አልኩ ተናድጄ።

«ዋልካ ነው። ነፋስም አለ። ፎርማኑ አንተ ነህ፣ መላ ፍጠር» ብሎ ወገቡን እያሸ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ዱካዋ ላይ ተቀመጥኩ። ወገቤን ቀዝቀዝ አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን መጻፌ ነው።

መላው ውታፍ ሆነ። እማማ ጥሩነሽ ካረጀ ጋቢ ለየቀዳዳው ልክ ውታፍ ሰፉ፤ እኔ በያንዳንዱ ጫፍ ረጅም ቀይ ክር አሰርኩበት፣ ሲስቡት እንዲወጣ። ውላችን እንዲህ ነበር፦ እሳቸው ሲቀመጡ ይገባል፤ ሲነሱ ወይም ሰማይ ሲጠቁር ይነቀላል፤ ማታ ክፍት ያድራል።

«ማታ ግንቡን አይመታውም?» አሉኝ።

«ግንብ ወገብ የለውም፣ እማማ።»

«ሆድ አለው ስትሉ አልነበር? ሆድ ያለው ወገብ አይጠፋውም» አሉ፤ ቢሆንም በውሉ ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣሁ። እማማ ጥሩነሽ ደመና ባዩ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «ብርሃኑ፣ በቸርቹ በኩል ጠቁሯል፣ ልንቀል?» ይንቀሉ። «ብርሃኑ፣ ገለጥ አለ፣ ልመልስ?» ይመልሱ። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ምን አለ ብላቸው፣ «ቴሌቪዥኑ ሃምሳ ፐርሰንት ይላል፣ ጉልበቴ መቶ ነው ይላል» አሉኝ። ጉልበታቸው ልክ ነበር። ጋሽ አበራ ሲሚንቶ ከማቡካቱ በፊት እሳቸውን አስጠይቅ ይለኝ ጀመር።

ትልቁ ዝናብ የመጣው ወደ ቀትር ገደማ፣ እማማ ጥሩነሽ ከዱካቸው ሳይነሱ ነው፣ በድንገት። እዚያው ዋይሊ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው መጮህ ሲጀምር ቤቲ ደወለች። እያለቀሰች ነው።

«ጋሽ ብርሃኑ፣ ሳይረኑ እየጮኸ ነው፣ እኔ ባዝሩም ውስጥ ነኝ፣ አያቴ አልመጣም አለች! ውጪ ናት! በራሷ ላይ ድስት አለ!»

ስደርስ በረዶው የመኪናዬን ጣሪያ ይደበድባል። እውነትም ድስት አለ። እማማ ጥሩነሽ ትልቁን ድስት እንደ ቆብ ደፍተው፣ ጋቢያቸውን አሸርጠው፣ ግንቡን ተከትለው ይሄዳሉ። በረዶው ድስቱ ላይ ይንጣጣል። ስልኩ ደረታቸው ውስጥ ነው፣ መስመሩም አልተዘጋም።

«ይሄኛው ወጣ!» ይላሉ ቀዩን ክር ስበው።

«አሜን!» ይላል ደረታቸው።

«ይሄኛው እምቢ አለኝ!»

«በኢየሱስ ስም ይወጣል!»

ወጣ። ውታፉ በተነቀለ ቁጥር ጥቁር ውሃ እንደ ቧንቧ እየተተኮሰ እግራቸው ላይ ይፈስ ነበር። ልረዳቸው ስሮጥ ዞር ብለው፣ «ራስህን ሸፍን፣ ሞኝ!» ብለው ጮኹብኝ። የሲሚንቶ ባልዲዬን ራሴ ላይ ደፋሁ። ውስጡ የደረቀው ሲሚንቶ አንገቴ ውስጥ ገባ። ድስትና ባልዲ ሆነን የመጨረሻውን ክር አብረን ሳብንና ወደ ቤት ጎትቼ አስገባኋቸው።

ባዝሩሙ ውስጥ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሚሸሸጉበት መስኮት የለሽ ክፍል እሱ ነውና፣ ሦስታችን ተፋፍገን ተቀመጥን። ቤቲ አያቷን በፎጣ እያሸች፣ «አያቴ፣ ነፋስ አልመታሽም?» አለቻቸው።

«ለመመታት ጊዜ አልነበረኝም» አሉ።

ያኔ መብራት ጠፋ፣ ማቀዝቀዣውም ተንፍሶ ዝም አለ። ቀስ በቀስ ቤቱ ሞቀ። እማማ ጥሩነሽ ድስቱን አውልቀው፣ በስልኩ ብርሃን ፊታቸው ፈክቶ፣ «አሁን ገና ይሄ ቤት ቤት ሆነ» አሉ።

ሙሉጌታ ከሆስፒታል ሲመለስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከሱ አለፍ ብሎ ያለው ቤት ግንብ፣ የሱን በሠራው ተቋራጭ የተሠራ፣ ያው ዓይነት ግንብ፣ ሣሩ ላይ ተዘርሯል። የሱ ቆሟል። ከየቀዳዳው ውሃው አሁንም ይወርዳል፣ ቀያዮቹ ክሮች ያሉት ውታፍ ሁሉ መሬት ላይ ተበትኗል። ውታፉን አየ፣ ድስቱን አየ፣ እናቱን አየ።

«ሶ… ስኩዊረሏ እማዬ ነበረች?»

እማማ ጥሩነሽ ዱካቸውን አንስተው ወደ ግንቡ ሄዱና ተደገፉ። ጡቡ ርሶ ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም ተደገፉ። ሙሉጌታ አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪው ጭቃ ሆነ። «አላፈርሰውም፣ እማዬ» አላቸው። እኔ ባልዲዬን ላጥብ ሄድኩ።

በኋላ የሰፈሩ ቤቶች ማኅበር ሰው መጥቶ ከግንቡ የተንጠለጠሉትን ቀይ ክሮች ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ቤቲ መለሰችለት። ምን እንዳለችው ስጠይቃት፣ «ካልቸራል ዴኮሬሽን ነው አልኩት» አለችኝ፤ የባህል ጌጥ ማለቷ ነው። ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ጋሽ አበራ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ፒክአፑም ማዕረጎቹም ለኔ ቀርተዋል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ስለ ቆቡ፣ ስለ መጋጠሚያውና ስለ ቀዳዳው አስተምረዋለሁ፤ ግንብ ከዝናብ የሚድነው በነሱ ነው። ውሃ ልኩን ከማውጣቱ በፊት ግን ለባለቤቱ አንድ ጥያቄ ያቅርብ እላለሁ። ይህን ግንብ የሚደገፈው ማነው? መልሱን ሳትሰሙ የከፈታችሁትን ቀዳዳ፣ እናንተ ስትሄዱ አንድ ሰው ይደፍነዋል።